ታይፎይድ የናፈቀው ጎረቤቴ

ታይፎይድ ካልተገኘበት መታመሙን የማያምን ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ካላጋጠማችሁ ጣና ዳር ወዳለው ሰፈራችን፣ ግሽ አባይ ብቅ በሉ፤ መንደሩ ሞልቷል። ራሱን ቢያመው ታይፎይድ፣ ጉልበቱን ቢያመው ታይፎይድ ነው። ሐኪም ሌላ በሽታ ሲነግረው የተሰደበ ይመስለዋል።

ጎረቤቴ አያ ሙላት የዚህ ወገን አለቃ ነው። ባለፈው ክረምት የጣና ዳር ብርድ ነው እያለ ሲያስል ሰነበተና እስከ ደጃፉ መሄድ ሲያቅተው፣ ጎትቼ ክሊኒክ ወሰድሁት። ሐኪሟ ደሙን አስመርምራ፣ "አባቴ፣ ሳንባዎ ተቆጥቷል። በደምዎ ውስጥ ያየነው ምልክት የባክቴሪያ አይመስልም፤ ቫይረስ ነው። ኦክስጅን አንሶዎታል፤ አሁኑኑ ተኝተው ይታከሙ" አለችው።

"ታይፎይዱስ?"

"የለብዎትም።"

"እንግዲያ ምን ይዞኝ ነው የምተኛ?" ብሎ ጫማውን መፈለግ ጀመረ። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ አንድ ቃል ተናግሮ ያርፋል፤ እሱ ግን ታይፎይድ የሚያገኝለት ሌላ ክሊኒክ ሊሄድ ነው! ሰው እንዲህ በሽታ ያማርጣል?

ቢቸግረኝ፣ "አንተ ሰው፣ የሳንባ ታይፎይድ ነው የያዘህ! ከሆዱ ይብሳል!" ብዬ ጮህሁበት። ሐኪሟ አየችኝና ሳቋን ላለማሳየት ከንፈሯን ነክሳ የኦክስጅኑን ቱቦ አቀረበች።

የአያ ሙላት ፊት በራ። "ይኸው! እኔስ ምን አልሁ?" ብሎ ጋደም አለና የኦክስጅኑን ቱቦ በገዛ እጁ ወደ አፍንጫው ሳበ።

ድኖ ወጣ። ልጠይቀው ብሄድ ቤቱ በጠያቂ ተጨናንቋል፤ እሱም ስለ ሳንባ ታይፎይድ ያስተምራል። ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ጠጋ አሉኝና በሹክሹክታ፣ "እኔንም ይኸው ሳይሆን አይቀርም የያዘኝ" አሉ። "ያገኘችለት ሐኪም የትኛዋ ናት?"