እመት አንቀጽ እና የሦስተኛው ዙር ጉዳይ

በሰው ልጅ ላይ ከሚደርሱ መከራዎች ሁሉ የከፋው ደንብን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነው። ጎርፍ ይጎድላል፣ ጉንፋን ይለቃል፤ ይህ ሰው ግን ሁልጊዜ ከመስኮቱ ጀርባ አለ። እናንተም ታውቁታላችሁ። ባንክ ቤት «የፊርማዎ ጭራ ከዐሥር ዓመት በፊት ከነበረው አጥራለች» ብሎ የመለሳችሁ እሱ ነው። እግራችሁ ተሰብሮ በአንድ እግር እየዘለላችሁ ክሊኒክ ስትገቡ «ካርድ ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ነው» ያለቻችሁም እሷ ናት። አይቆጡም፣ አይሳደቡም። ቢሳደቡ እኮ ሰው የሚመልሰው አያጣም ነበር። የሚናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ደንቡ አይፈቅድም።»

ለእኔ የደረሱኝ እመት አንቀጽ ናቸው።

እመት አንቀጽ ከሰኞ እስከ ዓርብ በአንድ ዩኒቨርሲቲ መዝገብ ቤት ፋይል ይጠብቃሉ። ቅዳሜ ደግሞ የዩኒቨርሲቲዎች የሴቶች አገር አቋራጭ ሩጫ ዋና ዳኛ ናቸው። ሃምሳውን አልፈዋል፣ አጭር ናቸው፣ መነጽራቸው በክር ታስሮ ደረታቸው ላይ ይወዛወዛል። ፀሐይም ሆነ ዝናብ ግራጫ የዝናብ ካፖርትና የጎማ ቦቲ አይለያቸውም። በብብታቸው ሥር ጥቁር ማኅደር አለ፤ ማኅደሩ ውስጥ የውድድሩ ደንብ አለ። ስሙን ያወጡላቸው ሯጮቹ ናቸው፤ ሴትዮዋ ቁጥር ሳይጠሩ አፋቸውን ስለማይከፍቱ።

ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ እኔ ገለልተኛ ሰው አይደለሁም። ልጄ የአራተኛ ዓመት የምሕንድስና ተማሪ ናት፤ ትሮጣለች። እናቷ ስትደክም ማየት ስለማትችል ቤት ትቀራለች። ስለዚህ ጃንጥላ፣ ፎጣና ንዴት ተሸክሜ የምሄደው እኔ ነኝ።

ጠባችን የተጀመረው በመጀመሪያው ዓመት ምዝገባ ላይ ነው። እመት አንቀጽ የልጄን ፎቶግራፍ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው አዩና መለሱት።

«ጆሮዋ አይታይም።»

«እትዬ፣ የምትሮጠው በእግሯ ነው» አልኳቸው።

«አንቀጽ ሁለት። ሁለቱም ጆሮ» አሉና የሚቀጥለውን ጠሩ። ያን ዕለት ልጄን ይዤ ፎቶ ቤት ፍለጋ ከተማውን ስንዞር ያለፍነው መንገድ በራሱ አገር አቋራጭ ነበር።

ቀጥሎ የመርፌ ቁልፉ መጣ። የመሮጫ ቁጥር በአራት መርፌ ቁልፍ ነው ደረት ላይ የሚያያዘው፤ የልጄ አንዱ ወድቆ ሦስት ቀርቷል። ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አይልም፤ ነፋስም የለም። እመት አንቀጽ ከመነሻው መስመር አስወጧት። ሃያ ሯጭ ቆሞ እያየን እኔ በጉልበቴ ሣር ውስጥ መርፌ ቁልፍ ፈለግሁ። ሳጣ የገዛ ሸሚዜን ቁልፍ በጥሼ ይዤ ቀረብኩ።

«ይሄ የሸሚዝ ቁልፍ ነው» አሉኝ፤ ለሕፃን ልጅ የሚነገር ነገር ይመስል።

በሁለተኛው ዓመት ለልጄ ውኃ ላቀብል ብዬ ግማሽ ጫማ ያህል ከመሮጫው መንገድ ገመድ ወዲያ ብረግጥ የእኔን ስም ጠይቀው ጻፉ። ቡድናችን በእኔ እግር ምክንያት ማስጠንቀቂያ ደረሰው። አሰልጣኙ፣ ጨዋ ሰው ነው፣ ለሦስት ሳምንት ያህል «ጋሼ እግርዎ እንዴት ነው?» ይለኝ ነበር።

ይህ ሁሉ ይረሳል። አምና የሆነው ግን አይረሳም።

አምና ልጄ ተስላ መጣች። መጀመሪያ የሚገቡት ስድስት ሴቶች ለብሔራዊው የዩኒቨርሲቲዎች ቡድን ይመረጣሉ፣ ሰባተኛዋ ተጠባባቂ ትሆናለች፤ እሷም ሁለተኛው ዙር ላይ ከእነሱ ጋር ነበረች። ወንዙ ዳር ባለው ኩርባ ላይ ከፊቷ ያለችው ልጅ አዳልጧት ተዘረረች። ልጄ እንዳትረግጣት ስትል ወደ ውስጥ ዘላ መንገዱን በሚለየው ባንዲራ የተሳሳተ ጎን አለፈች። ሁለት እርምጃ ናት። ተመልሳ መንገዷን ያዘች፤ አምስተኛ ገባች። ተቃቅፈን ስንዘል እመት አንቀጽ በቦቲያቸው ጭቃውን እያንቦጫረቁ መጡ።

«አንቀጽ ዐሥራ ዘጠኝ። ባንዲራን በውስጥ ያለፈች ተወዳዳሪ ውጤቷ ይሰረዛል።»

«የወደቀችውን ልጅ ትርገጣት ነው የሚሉት?»

«መቆም ትችል ነበር።»

ድምፃቸው ከፍ አላለም። ልጄ ጫማዋን ፈታች፣ መኪና ውስጥ ገባች፣ ፊቷን በፎጣ ሸፍና እስከ ቤት ድረስ አለቀሰች። እኔ አራት ገጽ ይግባኝ ጻፍኩ። ሰብዓዊነትን አነሣሁ፣ ኅሊናን አነሣሁ፣ የወደቀችውንም ልጅ አነሣሁ። የመጣልኝ መልስ ሁለት መስመር ነበር፤ ይግባኙ ከማለቂያው ሰዓት አርባ ደቂቃ አልፎ ስለደረሰ አይታይም። ከሥሩ ጥርት ያለ የእመት አንቀጽ ፊርማ አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ የእሳቸውን ስም ሳልጠራ ምሳ በልቼ አላውቅም፤ ባለቤቴ ምስክሬ ናት።

እንግዲህ የዘንድሮው መጣ።

ፕሮግራሙ የሴቶቹን ሩጫ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ይላል። የክብር እንግዳው ሰዓት ተኩል አረፈዱ። ከዚያ ንግግር ሆነ። ከዚያ የወንዶቹ ዐሥር ኪሎ ሜትር ሆነ። ከዚያ የወንዶቹ ሜዳልያ፣ የወንዶቹ ዋንጫ፣ የወንዶቹ ፎቶግራፍ፣ ማርሽ ባንድ። አርባ ሦስት ሴቶች ይህን ሁሉ ጊዜ በድንኳኑ ጥግ ቆመው ቱታቸውን ያወልቃሉ፣ «ቆዩ» ሲባሉ መልሰው ይለብሳሉ። ልጄ አራት ጊዜ አውልቃ አራት ጊዜ ለብሳለች፤ ቆጥሬያለሁ። ዝናቡ ጀመረ። በወንዶቹ ጫማ የታረሰው መንገድ ሊጥ ሆነ።

ሰባት ሰዓት ሲል የኮሚቴው ሰብሳቢ ማይክራፎን ያዘ። ክራቫቱ ልክ ነው፤ በሾለ የቆዳ ጫማው ግን ጭቃው ላይ በጣቱ ነው የቆመው። «በሰዓት መጣበብ ምክንያት የእህቶቻችን ውድድር በሁለት ዙር ይጠናቀቃል» አለና ራሱ አጨበጨበ።

የሴቶቹ ሩጫ ሦስት ዙር ነው። ሁለት ዙር ከተሮጠ ርቀቱ ስለማይሞላ የዓመት ልፋታቸው ለምርጫ አይቆጠርም። ይህን እዚያ የነበረ አሰልጣኝ ሁሉ ያውቃል፤ አንድም ግን አልተነፈሰም። የእኛን አሰልጣኝ ክንዱን ያዝኩት።

«ይሄ ምን ይባላል?»

«ጋሼ፣ ምን ላድርግ? ጭራሽ ከሚቀር ይሻላል» አለና መሬት መሬት አየ።

ልጄ አጠገቤ ነበረች። «አባዬ፣ እኔ እኮ ሁለተኛው ዙር ላይ ገና ሰውነቴ እየተፍታታ ነው» አለች። ቅሬታ አልነበረም፤ ሰው ቁመቱን እንደሚናገር ነው የተናገረችው። ደሜ ፈላ። ማይክራፎኑን ልነጥቀው ሁለት እርምጃ ሄጃለሁ። ግን ግራጫው ካፖርት ቀደመኝ።

«ስንት ዙር ነው ያሉት?» አሉ እመት አንቀጽ።

«ሁለት። እንግዳው የምሳ ቀጠሮ አለባቸው፤ ሽልማቱን ሰጥተው ይሂዱ።»

«ሦስት ነው።»

«እህቴ፣ ሴቶች ናቸው፣ ዝናብ ነው። ለራሳቸው ማዘን ነው።»

እመት አንቀጽ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ማኅደሩን ከፈቱ። «አንቀጽ ሰባት። የሴቶች ርቀት ስድስት ኪሎ ሜትር፣ ሦስት ዙር። እንግዳ ምሳ ካለው የሚል ንዑስ አንቀጽ የለውም።»

«እኔ እኮ የኮሚቴው ሰብሳቢ ነኝ።»

«እኔ ዋና ዳኛ ነኝ። ሁለት ዙር ከሆነ ውጤቱ ላይ አልፈርምም። እኔ ያልፈረምኩበት ሩጫ ሽርሽር ነው።»

«ሌላ ዳኛ ይፈርማል።»

«ውክልናውን በጽሑፍ የምሰጠው እኔ ነኝ። አልሰጥም።»

ከዚያ የፕላስቲክ ወንበር ጎትተው መነሻው መስመር ላይ፣ መሐል ላይ ተቀመጡ። ማኅደሩን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ዝናቡ በካፖርታቸው ላይ ይወርዳል። ሰብሳቢው ስልክ አወጣ፣ አንሾካሾከ፣ ቀላ፣ ጠቆረ። በመጨረሻ የክብር እንግዳው ተነሥተው በመኪናቸው ሄዱ። ሁለት ረዳት ዳኞች ምሳው እንዳያመልጣቸው አብረው ተሳፈሩ። ማርሽ ባንዱ ከበሮውን ጫነ። የሴቶቹ ሜዳልያ ሳጥንም «በጽሕፈት ቤት በኩል ይደርሳቸዋል» ተብሎ አብሮ ተጫነ። አርባ ሦስት ሴቶች፣ ጥቂት ወላጆች፣ የሜዳው ሠራተኞች፣ አንድ አምቡላንስና እመት አንቀጽ ቀረን።

ሄድኩና «ዳኞቹ ሄደዋል፤ ሰዓት ልያዝልዎት?» አልኳቸው። ለእሳቸው የተናገርኩት የመጀመሪያው መልካም ቃል ነበር።

«አባት ሰዓት አይይዝም» አሉ። የአምቡላንሷን ነርስ ጠርተው እስክሪብቶ ሰጧት።

ፊሽካው ተነፋ። በመጀመሪያው ዙር ልጄ ሃያ ሦስተኛ ሆና አለፈችኝ፤ ፊቷ በጭቃ ስለማይታይ በአሯሯጧ ነው የለየኋት። በሁለተኛው ዐሥራ አራተኛ። እዚህ ላይ ነበር ሊያስቆሟቸው ያሰቡት። ሦስተኛው ዙር ላይ ዳገቱ ሯጮቹን ይበላቸው ጀመር፤ ልጄ ግን አንድ በአንድ እየለቀመች መጣች። ዐሥራ አንድ፣ ዘጠኝ፣ ስምንት። የመጨረሻው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ከስድስተኛዋ ልጅ ጋር ትከሻ ለትከሻ ነበሩ። ስሟን እየጠራሁ ጮህኩ። በአንድ እርምጃ ተቀደመች። ሰባተኛ።

አሁን የምናገረው የሚያሳፍር ነው። ደንብን አራት ገጽ ሙሉ የረገምኩ ሰው ወደ ዋና ዳኛዋ ሮጥኩ። «ስድስተኛዋ ልጅ ዳገቱ ላይ ባንዲራውን በውስጥ አላለፈችም?» አልኩ። አላየሁም፤ ተስፋ ማድረጌ ነው።

እመት አንቀጽ ቀና ብለው አዩኝ። «ዳገቱን ከዚህ ሆኜ እያየሁ ነበር። ንጹሕ ናት።»

«ሁለተኛውም ባንዲራ ላይ?»

«አባዬ፣ ተው» አለች ልጄ ከኋላዬ። ከዚያች ከስድስተኛዋ ልጅ ጋር ተደጋግፈው ቆመዋል፤ ሁለቱም ጥርሳቸው ብቻ ነው የሚታየው። «ተጠባባቂ ነኝ እኮ። ደግሞ ሦስቱንም ሮጥኩ።» ከዚያ እየሳቁ ወደ ድንኳኑ ሄዱ። እኔ ጃንጥላዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ሁሉም ገባ። ሠራተኞቹ ገመዱን መጠቅለል ጀመሩ።

«ተዉት» አሉ እመት አንቀጽ። «አንዷ ቀርታለች።»

ከአንድ ትንሽ ኮሌጅ ብቻዋን፣ ያለ አሰልጣኝ የመጣች ልጅ ነበረች። እንኳን ልትታይ፣ መኖሯም ተረስቷል። ነርሷ ወደ አምቡላንሱ ተመለሰች። ወላጆች መኪና አስነሡ። አምስት ደቂቃ፣ ስምንት ደቂቃ፣ ዐሥር። እመት አንቀጽ ከወንበሩ ተነሥተው መድረሻው ላይ ቆመዋል፤ ሰዓቱ በእጃቸው ይሮጣል፣ ከንፈራቸው በብርድ ጠቁሯል።

«እትዬ፣ ውጤቱ ላይ እኮ የምትለውጠው ነገር የለም። ድንኳን ገብተው ቢጠብቋትስ?» አልኳቸው።

«የመጨረሻዋ ሳትገባ ዳኛ ከመስመሩ አይነሣም።»

«የትኛው አንቀጽ ነው?» ከልማድ ነው የጠየቅሁት፤ ጠብ አልፈለግሁም።

ሴትዮዋ ዳገቱን አዩ። «አለ» አሉ።

ማኅደሩ አልተከፈተም። እኔ ለይግባኙ ስል ያንን ደንብ ከዳር እስከ ዳር፣ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አርባ ሁለት አንቀጽ ነው። እንዲህ የሚል የለም።

አጠገባቸው ቆሜ ዳገቱን ማየት ጀመርኩ።

ልጅቷ ከዳገቱ ብቅ አለች። አንድ እጇ ጎኗን ይዟል፤ ትራመዳለች፣ ትሮጣለች፣ ትራመዳለች። ሰው መኖሩን ስታይ መሮጡን መረጠች። መስመሩን አልፋ ጉልበቷን ይዛ አጎነበሰች።

«ስንተኛ ነኝ?»

«አርባ ሦስተኛ።»

«ሰዓቴስ?»

«ሠላሳ አምስት ደቂቃ ከዐሥራ ሁለት ሰከንድ።»

ልጅቷ ቀና አለች። «ከአምናው በሁለት ደቂቃ አሻሻልኩ» አለች፤ ዙሪያዋን አየች፣ የምትነግረው ስላጣች እንደገና ለእመት አንቀጽ ነገረቻቸው። «በሁለት ደቂቃ።»

«ሙሉ ስምሽን ከነአባትሽ ንገሪኝ» አሉና ወረቀቱን አወጡ።

ጠብታው ቀለሙን እንዳያበላሸው ጃንጥላዬን ከወረቀቱ በላይ ዘረጋሁ። እኔን ለማስወጣት የሚጠቅሱት አንቀጽ አያጡም ነበር። አንዱንም አልጠቀሱም። ያቺ አርባ ሦስተኛ ልጅ እየተንቀጠቀጠች ስሟን ትናገራለች፤ እመት አንቀጽ እያንዳንዱን ፊደል እንደ አንደኛዋ ስም አሳምረው ይጽፋሉ። እኔም ጀርባዬ እየራሰ ፈርመው እስኪጨርሱ ቆምኩላቸው።