ወረቀቱን የላጥኩት የፖርቱጋል ሰርዲን

ጉድ ልንገራችሁ! ዛሬ ሆሳዕና መሃል ከአንድ ሱፐርማርኬት ተባርሬ ከመውጣት ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

ጥፋቴ? የሰርዲን ቆርቆሮ እየገለበጥኩ ቂጡን ማየት። አንዱን አይደለም፣ መደርደሪያውን ሙሉ። ካሸሯ መጥታ፣ "አባባ፣ ኤክስፓየር ዴቱ ጎኑ ላይ ነው" አለችኝ። ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። በሰማንያ ዓመቴ!

ምን እንደምፈልግ ለእሷ መንገር አልቻልኩም። ለእናንተ ግን ልንገር።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ወጣት ነኝ፣ ሆሳዕና ሱቅ አለኝ፣ በገበያ ቀን አንጋጫ ሄጄ እሸጣለሁ። አንጋጫ ደግሞ አስቴር አለች፤ አስተማሪ ናት። ሳሙና ልትገዛ ስትመጣ ሂሳብ ይጠፋብኛል። እኔ! ሂሳብ!

አንድ ቀን ሬዲዮ፣ ከፖርቱጋል ጋር መነገድ ተከልክሏል አለ። አንጎላንና ሞዛምቢክን አልለቅም ስላለች የአፍሪካ አገሮች አድመውባታል።

ሌላው ነጋዴ ደነገጠ። እኔን የሸተተኝ ትርፍ ነው። አዲስ አበባ ወጥቼ፣ አስመጪዎቹ ሊገላገሉት የቸኮሉትን የፖርቱጋል ሰርዲን በርካሽ ጫንኩ። የአገሩ ስም ያለበትን ወረቀት ከያንዳንዱ ቆርቆሮ ላይ በውሃ እያራስኩ ላጥኩት። ብልጥ ነኛ!

ከዚያ ለአስቴር አባት ሽማግሌ ላክሁ። እጅ መንሻው ምን ቢሆን ጥሩ ነው?

አንድ ካርቶን ሰርዲን።

ካርቶኑ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተመለሰ።

በሚቀጥለው ገበያ አስቴር ራሷ መጣች። አንድ ቆርቆሮ ገልብጣ ፊቴ አስቀመጠች። ለካ የአገሩ ስም ብረቱም ላይ ተቀርጿል!

"ወረቀቱን ላጥከው። ቆርቆሮውንስ ምን ልታደርገው ነው?"

እኔ ባልሸጥ ፖርቱጋል ምን ትሆናለች ብዬ ለመቀለድ ሞከርኩ።

"ፖርቱጋል ምንም ላትሆን ትችላለች። እኔ የማየው አንተ የምትሆነውን ነው።"

ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ያለህን አስወግድና ሽማግሌዎቹን መልሰህ ላክ። አባቴን እኔ አናግራቸዋለሁ" አለች።

ሰምታችኋል? እኔ አናግራቸዋለሁ! ያን ዕለት ወደ ሆሳዕና በእግሬ ይሁን በክንፍ እንደተመለስኩ አላውቅም።

ሱቄ ገብቼ ካርቶኖቹን አየኋቸው። እነሱም አዩኝ። ሸጦ መጨረስስ ማስወገድ አይደለም እንዴ? ዶዮገና ገበያ ማን ያውቀኛል? ከጆንያ ስር እያወጣሁ ቸበቸብኩት።

ሲያልቅ ሽማግሌ ላክሁ።

አስቴር ዶዮገና ካለች እህቷ ቤት ያገኘችውን ባዶ ቆርቆሮ ለሽማግሌዎቹ አሳየቻቸው። ወረቀት የለውም። በኢትዮጵያ ምድር ወረቀት የሌለው ሰርዲን የሚሸጥ ማን ነው? እኔ ብቻ! በገዛ እጄ ምልክት አድርጌበታለሁ።

ትልቁ ሽማግሌ ዐይኔን ሳያዩ ነገሩኝ፦ "ከእሱ ምንም አልቀበልም በሉልኝ ብላለች፣ ልጄ።"

ሌላ ሰው አገባች። እኔም አገባሁ፤ ደግ ሴት ነበረች፣ ነፍሷን ይማር። ግን በአንጋጫ ገበያ ቀን ልቤ እስካሁን ሳሙና ይደረድራል።

ምሁራን በቲቪ፣ ማዕቀብ ይሠራል አይሠራም፣ ባንክ የታገደ ገንዘብ አገር ያንበረክካል አያንበረክክም እያሉ ሲጨቃጨቁ እሰማለሁ። የፖርቱጋሉን አላውቅም። የአስቴር ግን ሠርቷል፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልተነሳልኝም። የሚነሳበትን መንገድ እኮ ቆማ ነግራኝ ነበር!

እናንተ ብትሆኑ ሰርዲኑን ትጥሉት ነበር? ነጋዴ የሆናችሁ ኮሜንት አታድርጉ፤ መልሳችሁን አውቀዋለሁ።