ጓንጉልና የክንፉ አምባር

ተረቴ ከሩቅና ከብርድ አገር ነውና ጋቢያችሁን ደረብ አድርጋችሁ ስሙኝ።

ምድር ወደ ደቡብ ሄዳ ሄዳ በምታልቅበት፣ ባሕሩ ራሱ ብርድ መትቶት በሚጠጥርበት አገር፣ ፔንግዊን የሚባሉ ወፎች ይኖሩ ነበር። ወፍ ናቸው እንጂ አይበሩም። ክንፋቸው ለሰማይ ሳይሆን ለውሃ የተሠራ መቅዘፊያ ነው። በየብስ ላይ እንደ ሰካራም የሚንገዳገደው ፍጡር ባሕር ከገባ እንደ ቀስት ይወረወራል። ለፔንግዊን ክንፉ ማለት ለገበሬ በሬው ማለት ነው። ይህችን ያዙልኝ፣ ኋላ ትጠቅመናለች።

ጎጇቸውን የሚሠሩት በጠጠር ነው። ጫጩት ሲፈለፈል አንዱ ወላጅ ባሕር ይወርድና ዓሣ በሆዱ ይዞ ይመለሳል፤ ሌላው ጦሙን እያደረ ጫጩቱን ይጠብቃል። ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ጠባቂው ለአፍታ ከተነሣ ግን እመት ነጣቂት አለች። እመት ነጣቂት ቡናማ፣ ምንቃረ ቆልማማ፣ አነጋገሯ ለስላሳ የሆነች ወፍ ናት። ሥራዋ የሰው ልጅ መብላት ነው፤ በፔንግዊኖች ዘንድ ሰው ማለት ፔንግዊን መሆኑን ልብ በሉ።

በዚያ መንደር አንጓች የምትባል ፔንግዊን ከባሏ ከጓንጉል ጋር ትኖር ነበር። ጓንጉል ዋናተኛ ነው። ከሁሉ ቀድሞ ይመለሳል፣ ሆዱን ሞልቶ ይመለሳል፣ አንጓችም በዚህ በጎረቤቶቿ ላይ ትንሽ ትኮራ ነበር።

አንድ በጋ ቀይ ካፖርት የለበሱ ሰዎች በመርከብ መጡ። ክፋት አልነበራቸውም። ወፎቹ የት ድረስ እንደሚዋኙ፣ መቼ እንደሚመለሱ፣ ስንቱ እንደሚተርፍ አጥንተው ዘራቸው እንዳይጠፋ ሊጠብቁ ነው የመጡት። ለመለየት እንዲያመቻቸውም ጥቂቶቹን ይዘው ክንፋቸው ላይ ቁጥር ያለው የብረት አምባር አሰሩላቸው። ብረቱ በውሃ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ የሚታሰርለትን መጠየቅ ግን አልታሰባቸውም።

መጀመሪያ የተያዘው አያ ደምሳሽ ነበር። የተያዘውም ከመንደሩ ሁሉ ወፍራም ስለነበረና መሮጥ ስላልቻለ ነው። ሲለቁት ደረቱን ነፍቶ መጣ።

«መረጡኝ» አለ።

«ሲይዙህ ስትጮህ ሰምተን ነበር እኮ» አለው አንዱ።

«ምስጋና እያቀረብኩ ነበር።»

በማግስቱ ሸንጎ ተሰበሰበ። አምባር ያለው በሰዎች ዘንድ የታወቀ ነው፣ የታወቀ ደግሞ አዋቂ ነው፤ ስለዚህ ከእንግዲህ በሸንጎ የሚናገረው ባለ አምባር ብቻ ይሁን ተባለ። ሐሳቡን ያመጣው አያ ደምሳሽ ነው፣ የደገፈችውም እመት ነጣቂት ናት። የእንግዳ ወንበር ተሰጥቷት ነበር።

«እኔ ከጉዳዩ ምንም የማልጠቀም ገለልተኛ ነኝ» አለች። «ግን ክብር ለሚገባው ክብር ሲሰጥ ማየት ደስ ይለኛል።»

ጓንጉል ይህን ከሰማ ወዲያ እንቅልፍ አጣ። በተከታዩ በጋ ቀይ ካፖርቶቹ ሲመጡ ላባውን አበጥሮ በፊታቸው ወዲያና ወዲህ አለ። አለፉት። ዞሮ ቀደማቸው። አሁንም አለፉት። በመጨረሻ እግራቸው ሥር ተጋድሞ የተኛ መሰለ፤ ያኔ ከሚረግጡት ብለው አሰሩለት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች አንጓች ሲገባ።

«ክብር ነው።»

«ዓሣ ይይዛል?»

«አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር በሆድሽ ነው የምትለኪው።»

ወዲያው ሸንጎ ገባ። ወዲያውም መዘግየት ጀመረ።

አንጓች መጀመሪያ ማዕበሉን ጠረጠረች። ቀጥላ ሌላ ሚስት ጠረጠረች። ከዚያ ጫጩቷን ከሥሯ አድርጋ የባሕሩን ዳር ማየት ያዘች። ቀድመው የሚወጡት አምባር የሌላቸው ናቸው። ባለ አምባሮቹ እነሱ በልተው፣ አብልተውና ተኝተው ሲያበቁ እያለከለኩ ይደርሳሉ። ብረቷ በየቅዝፊያው ውሃውን ትይዘዋለች፤ በየብስ የማትከብድ ነገር፣ ባሕር ውስጥ ክንፍ ላይ የተንጠለጠለ ልጅ ትሆናለች። ይህን ለማወቅ መርከብ አላስፈለጋትም፤ መራቧ በቅቷታል።

ሸንጎ ፊት ልትናገር ብትነሣ «አምባርሽ?» ተባለች። ስለዚህ ለባሏ ነገረችውና እሱ ተነሣ። ጓንጉል ጉሮሮውን ጠራርጎ፦

«ባለቤቴ የምትለው፣ በመዘግየቱ ጉዳይ ጥልቀት ያለው ጥናት ያስፈልጋል ነው» አለ።

አንጓች ያለችው «ይህን ቆርቆሮ አውልቁት» ነበር።

ሸንጎው በጉዳዩ ላይ ሲመክር ውሎ ባሕሩ ስለሰፋ ነው የሚል ውሳኔ ላይ ደረሰ። አንዱ ባለ አምባር ዓሦቹ እንደ ድሮው ጨዋ አለመሆናቸውም ይታይልኝ አለ፤ ታየለት። እመት ነጣቂት ጥናቱ ሳይቸኮል እንዲቀጥል አደራ አለች። በዚያ ሰሞን ጎረቤት ጎጆ ውስጥ ረሃብ ያንገላታት እናት ባሏን ስትጠብቅ ቆይታ ባሕር ወርዳ፣ ተመልሳ ያገኘችው ጠጠሩን ብቻ ነበር። እመት ነጣቂት ግን እየወፈረች ሄደች፤ በገለልተኝነት።

ጓንጉል እንደገና ባሕር ወርዶ ሳይመለስ ቆየ። አንጓች ስቧ አልቆ ጡንቻዋ ሄደ፤ የጫጩቷ ድምፅ ሰለለ። እመት ነጣቂት መጥታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«እህቴ፣ ከስተሻል» አለች። «ሂጂና ቀምሰሽ ነይ። ልጁን እኔ አይልሻለሁ።»

«ማየትሽንማ አውቃለሁ» አለች አንጓች። «ዓይንሽን ከሱ ላይ ነቅለሽም አታውቂ።»

«ምነው ይህን ያህል መጠራጠር። እኔ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ አልቸኩልም።»

እውነቷን ነው፣ አልቸኮለችም።

ጓንጉል ሲደርስ ክንፉ ሥር ቆስሏል። ጫጩቱ አፉን ከፈተ፤ ጓንጉል አንገቱን ደፍቶ አማጠ፣ አማጠ፣ ምንም አልወጣም።

«መንገድ ላይ አለቀ» አለ። «ያን ባልበላ ኖሮ እዚህ አልደርስም ነበር።»

አንጓች አልጮኸችም። ጉልበት አልነበራትም። «ወይ አምባሩን ወይ ልጁን» አለችው።

«አምባሩን ካወለቅሁ እኮ ማንም አልሆንም። ማን ያውቀኛል?»

«ይሄ ያውቅሃል።»

ፔንግዊን ጫጩት ሲርበው የአባቱን ምንቃር በምንቃሩ ይመታል፤ ልመናው ያ ነው። ያ ጫጩት ግን አንገቱ አልቆም ብሎት ምንቃሩ ላይ መድረስ አቃተውና ክንፉ ላይ ያለውን ብረት መታ። ቋ። ቆየና ደግሞ፣ ቋ። ብረቱ መልስ አልሰጠውም።

ጓንጉል ከጎጆው አጠገብ ካለው የዐለት ስንጥቅ ውስጥ ክንፉን አስገብቶ ብረቱን ወተፈውና «ሳቢው» አላት። አንጓች በምንቃሯ ይዛ ሳበች፣ እሱም ወደ ኋላ ተወረወረ። አምባሩ ላባና ቆዳ ይዞ ወጣ። ደሙ ሳይደርቅ ባሕር ገባ። አያ ደምሳሽና ጓደኞቹ ከእሱ ቀድመው ወርደው ነበር፤ ጓንጉል በመንገድ ላይ አልፏቸው፣ ሆዱን ሞልቶ ሲመለስ ገና ሲሄዱ አገኛቸው፤ ጎጆው ደርሶም ጫጩቱን አበላ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። እመት ነጣቂት ግን የወደቀውን አምባር አንሥታ፣ ባለ አምባሮቹ ሲመለሱ ጠብቃ ሸንጎ ፊት ጣለችው።

«ወንድማችን ጓንጉል አለፈ» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ምናልባት ከነፋሱ ነው።

ለቅሶ ተቀመጡ። አያ ደምሳሽ ሟቹ በሰፊው ባሕር መሥዋዕት የሆነ ጀግና እንደነበረ ተናገረ። ጓንጉል ከኋላ ሆኖ ሰማና፦

«አያ ደምሳሽ፣ አለሁ እኮ» አለ።

«አንተ ማነህ?»

«ጓንጉል ነዋ። አብረን አይደል ያደግነው?»

«አምባርህን አሳየኝ።»

«ይኸውላችሁ፣ ፊታችሁ የተጣለው እሱ ነው።»

«የጓንጉል አምባር ይህ ከሆነማ ጓንጉል ሞቷል» አለ አያ ደምሳሽ። «አንተ ደግሞ ለቅሶ ቤት አትቀልድ። አምባር የሌለው አይናገርም፤ ሟች ቢሆንም እንኳ።»

ቀይ ካፖርቶቹም በተከታዩ በጋ የዚያን ቁጥር ወፍ ፈልገው አጡት፤ እነሱም በሐዘን እንደሞተ ቆጠሩት። ወፎቹ እያለቁ ነውና ጥናቱ ይስፋ ብለው በርካታ አምባር አመጡ። የመንደሩ ወጣቶች በካፖርቶቹ እግር ሥር እየተጋደሙ እንቅልፍ የወሰዳቸው መሰሉ። እመት ነጣቂት የእንግዳ ወንበሯ ጠቧት ሌላ ተሠራላት።

ያ ግን ኋላ ነው። በለቅሶው ቀን ጓንጉል አንገቱን ደፍቶ ወደ ጎጆው ተመለሰና ለጫጩቱ የተረፈውን ዓሣ አወጣለት። ጫጩቱ ሲውጥ፣ ከሸንጎው የሚመጣውን ዋይታ ሰምቶ አንገቱን ቀና አደረገ። አሁን አንገቱ ይቆማል።

«እናቴ» አለ፣ «አባዬ ሞቷል ይላሉ።»

«አዎ ሞቷል» አለች አንጓች። «አንተ ያመጣውን ብላ። ስትጠግብ ሄደን እናለቅስለታለን።»