ለቃለ መጠይቅ የሸመደድኩት መልስ

ለጥያቄ ሁሉ አንድ መልስ ይዞ የሚዞር ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? በደርግ ዘመን ጂንካ ውስጥ እኔ ነበርኩ። ከብት ከታቢ ሆኜ ለመቀጠር ቃለ መጠይቅ ስገባ መፈክሩን ሁሉ ሸምድጄ ነበር። ፈታኙ፣ ሸምገል ያሉ የእንስሳት ሐኪም፣ «የዲመካ ከብት አርቢ ‹አላስከትብም› ቢልህ ምን ታደርጋለህ?» አሉኝ።

«አነቃዋለሁ፣ አደራጀዋለሁ፣ አስታጥቀዋለሁ» አልኩ።

«ጠመንጃማ አለው» አሉ ረጋ ብለው። «እኔ የጠየቅኩህ ስለ ክትባቱ ነው።»

ወጥቼ ደጅ ላይ ቆምኩ። ከእኔ ቀጥላ የገባችው ከገዘር ከተማ የመጣች ልጅ ለዚያው ጥያቄ «ለምን እንቢ እንዳለ እጠይቀዋለሁ» ስትል በሩ ክፍት ስለነበር ሰማኋት። ሥራውን እሷ አገኘች።

እኔም ወደ ቤተሰቦቼ አገር ወደ ካኮ ተመለስኩ። አባቴ ከብቱን አላስከትብም ካሉት አንዱ ነበር። ለምን እንደሆነ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው አላውቅም።