ኤምአርአይ ያላገኘው ኀዘን

ማሽን ካልመሰከረለት የታመመ የማይመስለው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ሕንጻ ላይ አንድ አሉ። ጋሽ ታደሰ ይባላሉ፤ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ብቻቸውን ይኖራሉ። ጡረታ እስኪወጡ ፍርድ ቤት ስለሠሩ፣ ማስረጃ ያልቀረበበት ነገር እንዳልተፈጠረ ይቆጥሩታል።

ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እንቅልፍም ምግብም እምቢ አላቸው። ሐኪሙ “ድብርት ይመስለኛል” ቢላቸው፣ የጭንቅላት ኤምአርአይ ካልታዘዘልኝ ብለው ድርቅ አሉ። ሐኪሙም ሌላ ሕመም እንዳይኖር ብሎ አዘዘላቸው። ውጤቱ ንጹሕ ሆነ። ጎረቤቱ ሁሉ ደረጃው ላይ እያስቆመ “እንኳን ደስ አለዎት” አላቸው። ላዘነ ሰው ከዚህ የባሰ የምሥራች ይኖራል?

እኔም ቤታቸው ሄጄ የኤምአርአዩን ፊልም ወደ መስኮቱ አንሥቼ፣ የገባኝ መስዬ አየሁት።

“ዕጢ የለም፤ የፈሰሰ ደምም የለም” አሉኝ። “‘ድብርት ግን እዚህ ላይ አይታይም፣ የማውቀው እርስዎ ሲነግሩኝ ነው’ አለኝ ሐኪሙ።”

“ታዲያ ነገሩት?”

“ምን ብዬ? ፊልሙን ይዤ ወጣሁ።”

“እስቲ ለእኔ ይንገሩኝ” ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ወደ በሩ አዩ። “ከውጭ ስገባ አሁንም ‘መጣሁ’ እላለሁ” አሉ። “ከዚያ በሩን እንደያዝኩ መልስ እጠብቃለሁ።”

ፊልሙን አስቀመጥኩት።

በማግስቱ ሐኪሙ ዘንድ አብረን ሄድን፤ ይህንኑ ነገሩት። ሕክምናውን ጀምረዋል፤ እንቅልፍም ጥቂት ጥቂት ይወስዳቸዋል። ቤቱ ግን ያው ጸጥ እንዳለ ነው።