ጣሊያን የተዋቸው አራት ቀዳዳዎች

አውቶቡስ ላይ መስኮት ከፍታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንድ ጊዜ ከፍቻለሁ። ከደብረ ብርሃን ተነስተን ሸኖ ሳንደርስ ሰባት ሰው ተቆጣኝ። ቆጥሬያቸዋለሁ። አንዲት ሴት ልጄን በነፋስ ልታስመታብኝ ነው ወይ አለችኝ። ልጇን ዞር ብዬ ባየው ጢም አብቅሏል። አንድ ሽማግሌ ደግሞ እኔን ትተው ሾፌሩን ወቀሱት፤ ምን ዓይነቱን ሰው ነው የምትጭነው ብለው። ዘጋሁት። ምን ላድርግ? አርባ ስምንት ሰው፣ ስድስት ዶሮና አንድ የተሰነጠቀ የቅቤ ቅል አንድ ላይ ታፍነን አዲስ አበባ ገባን። ማንም አልሞተም። የአገሬ ሰው መስኮት መዝጋት ያድናል ብሎ የሚያምነው ለዚህ ይመስለኛል።

የእኛ ሰው ጅብ አይፈራም። ዳገት አይፈራም። ውርጭ ላይ ቆሞ ቀኑን ሙሉ ይነግዳል። በቀዳዳ የሚገባ ነፋስ ግን ያስበረግገዋል። ሌላውን ለምን አማለሁ? እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

በጣርማ በር ዳገት የበግ ፀጉር በጆንያ ተሸክሜ ነው ኑሮ የጀመርኩት። ዳገቱ ስንት እርምጃ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን አትጠይቁኝ፣ ወሬው ይረዝማል። ከፀጉሩ ወደ ባና ንግድ ገባሁ። ባና ከበግ ፀጉር የሚሠራው ከባዱ ልብስ ነው፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ ያለ እሱ የሚያድር የለም። ከዚያ በደሴ መንገድ ዳር፣ ጣሊያን ሠርቶት የሄደ ቤት ገዛሁ። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከጣሪያው ሥር አራት ቀዳዳ አለው፤ ሁለት በመንገዱ በኩል፣ ሁለት በጓሮ። እያንዳንዱ ሁለት መዳፍ ያስገባል፤ በውጭ በኩል የሽቦ ወንፊት አለው። ጎረቤቱ ሁሉ ጣሊያን ቤቱን ሳይጨርስ ነው የሸሸው ይል ነበር። እውነት መሰለኝ። ሰው በጤናው በደብረ ብርሃን ብርድ ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ይተዋል? ከእኔ በፊት የነበሩት ጭድና አንድ የተቀደደ ሱሪ ጠቅጥቀውበታል። እኔም ቁራጭ ባና ጨመርኩበትና ተመስገን ብዬ ተኛሁ።

ኅዳር ላይ አማቴ እማሆይ አስካለ ከአንኮበር፣ ከጎረቤላ መጡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መንኩሰው የሚኖሩ፣ ምላሳቸው ግን ያልመነኮሰ ሴት ናቸው። የመጡት ደረታቸውን ሊታከሙ ነው። ባለቤቴ ዘነበች ትልቁን ክፍል አዘጋጀችላቸው። ብርድ እንዳይነካቸው ብላ ጠዋት ማታ የኩበት ፍም አስገባችላቸው። እናቷን ወዳ መሆኑ ነው። የኩበት ጭስ ግን የት ይሂድ? አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳላቸውን ቆጠርኩ። አርባ አንድ።

ከሐኪም ቤት የሐኪሙን ረዳት፣ ድሬሰሩን ለምኜ አመጣሁት። በሩን ገፍቶ እንደገባ እሱም ሳለ። ከዚያ ቀና ብሎ ቀዳዳዎቹን አየና፣ ይሄን የደፈነው ማነው አለኝ። በኩራት እኔ ነኝ አልኩት። በል ክፈተው፣ ቤቱ እኮ አይተነፍስም፣ ቤቱ ካልተነፈሰ እሳቸው በምን ይተነፍሳሉ አለኝ። ይህ ሳል እያለባቸውም መንገድ እንዳይሄዱ፣ የአንኮበርን ቁልቁለት በበቅሎ አይችሉትም ብሎ አስጠነቀቀኝ።

ከፈትኩት። ያን ጊዜ የመንገዱ አስፋልት ተላልጦ ጠጠርና አቧራ ብቻ ቀርቶት ነበር። በቀን አርባ ሁለት የጭነት መኪና ያልፋል። የአርባ ሁለቱም አቧራ እኛ ቤት ገባ። እማሆይ በአንድ በኩል ይስላሉ፣ በሌላ በኩል ነፋስ መታኝ ይላሉ። ማታ ልጃቸውን ጠርተው፣ ባልሽ በቁሜ ሊቀብረኝ ነው፣ የጎረቤላ ነጋዴዎች ቅዳሜ ገበያ ውለው ሲመለሱ አብሬ እሄዳለሁ አሏት። ዘነበችም እናቴን ብቻዋን አልሰድም፣ እኔም እሄዳለሁ አለች። ዕለቱ እሑድ ነው። እንግዲህ አስቡት። እስከ ቅዳሜ ድረስ አየር የሚያስገባ፣ አቧራ የሚያስቀር ነገር ካላገኘሁ፣ አማቴ ድሬሰሩ የከለከለውን ቁልቁለት ሊወርዱ፣ ሚስቴም ልትከተላቸው ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። አየርን ከምን እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም። ከሰኞ እስከ አርብ አምስት ቀን አለኝ፤ በቀን አንድ መሞከር ነው። በመንገዱ በኩል ያሉትን እሸፍንና ከሥራቸው ጧፍ አበራለሁ። ነበልባሉ ከተነቃነቀ አየር ገብቷል ማለት ነው። መሬት ላይ ደግሞ ነጭ ሳህን አስቀምጣለሁ። ሲመሽ ሳህኑ ላይ በጣቴ መጻፍ ከቻልኩ አቧራም ገብቷል።

ሰኞ በባና ጀመርኩ፤ የራሴ ዕቃ ነዋ፣ አምነዋለሁ። ሳህኑ እንደ ታጠበ ዋለ። ጧፉም እንደ ተተከለ ቀረ። ታዲያ ከግድግዳው በምን ተለየ? ማክሰኞ ሻሽ ሰቀልኩ። ነበልባሉ ጨፈረ፤ አቧራውም አብሮ ጨፈረ። ረቡዕ ጆንያ ሞከርኩ። ጆንያ የመንገዱን አቧራ አስቀርቶ የራሱን ይጨምራል። ሐሙስ አቡጀዲ እጥፍ አድርጌ ወጠርኩ። እስከ ቀትር ደህና ነበር፤ ከቀትር በኋላ አቧራ ጠጥቶ እንደ ቆዳ ደረቀ። እማሆይ ጥግ ላይ ተቀምጠው ይህን ሁሉ ያያሉ። ለአንድ ቀዳዳ መድፈኛ አምስት ቀን የሚመርጥ ሰው አይቼ አላውቅም ይላሉ። መድፈኛ የምመርጥ መስሏቸዋል። አላረምኳቸውም። ዝም አይነቅዝም።

ሐሙስ ማታ ራሴን ታዘብኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የበግ ፀጉር የነካሁ ሰው፣ ፀጉሩን ራሱን ረስቼዋለሁ። ያልተሠራ ነገር ስለሆነ እንደ ዕቃ አልቆጠርኩትም። አርብ ጠዋት ፀጉር አጥቤ፣ አድርቄ፣ እንደ ጥጥ እስኪቀል ነደፍኩት። አንድ ጣት ውፍረት አድርጌ፣ ሳልጠቀጥቅ፣ ሽቦው ላይ አሳረፍኩት። እንዳይወድቅ ሻሽ ደገፍኩበት። የጧፉ ነበልባል ቀስ ብሎ ጎንበስ ቀና አለ። ሳህኑ ንጹሕ ዋለ። የጓሮዎቹንም እንዲሁ አደረግሁ።

እማሆይ ቀና ብለው ፀጉሩን አዩና፣ አሁን ገና ደፈንከው፣ ሙቀቱም ተሰማኝ አሉ። ቅዳሜ ነጋዴዎቹ ያለ እሳቸው ሄዱ። ሳላቸው ወደ ሃያ ወረደ፣ ከዚያ ወደ አሥራ ሁለት፣ በዘጠነኛው ቀን ስምንት ሆነ። እኔ ገበያ ላይ ደረቴን ነፋ አድርጌ መሄድ ጀመርኩ።

ብዙም አልነፋሁት። በአሥራ አንደኛው ቀን ሳሉ አሥራ ስድስት ሆነ። ከዚያ ሃያ አምስት። ከዚያ ሠላሳ ሦስት። መኪናዎቹን ቆጠርኩ፤ አልጨመሩም። ኩበቱም ያው ነው። እማሆይ ይሄ ቤት አልወደደኝም፣ የፊታችን ቅዳሜ አታስቀሩኝም አሉ። ዘነበችም ዕቃዋን እየሰበሰበች ነበር።

አርብ ከገበያ ቀደም ብዬ ተመለስኩ። በሩን ስከፍት አማቴ ወንበር ላይ ቆመዋል። በመቋሚያቸው ጫፍ ቁራጭ ባና ቀዳዳው ውስጥ ይጠቀጥቃሉ።

«እማሆይ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልኳቸው።

«አንተ ጀምረህ የተውከውን እየጨረስኩልህ ነው። ፀጉሩን ሰስተህ አላልተኸዋል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨመርኩበት።»

አሁን ምን ይባላል? እውነቱን ብነግራቸው ነፋስ ሲያስገባብኝ ነበር ብለው ይሄዳሉ። ባልነግራቸው ታፍነው ሊያልቁብኝ ነው። ወንበሩን ያዝ አድርጌ ነገርኳቸው። በፀጉሩ ቀዳዳውን አልደፈንኩትም፣ ፀጉሩ የተቀመጠው ለአቧራው ነው፣ ነፋሱ ግን ይገባል አልኩ። ዘነበች ከጓዳ ወጥታ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

እማሆይ ከወንበሩ ወረዱ። ተቀመጡ። 

«እንግዲያ ዘጠኙን ቀን ነፋስ ሲገባብኝ ነው ያደርኩት?»

«አዎ፣ እማሆይ። ተጣርቶ።»

«በመጨረሻው ቀን ስንት ጊዜ ሳልኩ?»

«ስምንት።»

«እኔ ከጠቀጠቅኩት በኋላስ?»

«ሠላሳ ሦስት።»

አሰቡበት። ከዚያ መቋሚያቸውን ሰጡኝ።

«አየህ፣ ነፋስ የሚመታው መግባቱን የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ ስለማላውቅ ተወኝ። በል ባናውን አውጣው። ብቻ ማታ ማታ ስተኛ፣ ተደፍኗል በለኝ።»

ዘነበች ጣልቃ ገባች። «እንዴ እማዬ፣ አሁንማ አወቅሽ አይደል?»

«አንቺ ዝም በይ። እኔ የተነጋገርኩት ከእሱ ጋር ነው።»

ያን ዕለት ሲመሽ በራቸው ላይ ቆሜ፣ ተደፍኗል እማሆይ አልኳቸው። አጥብቀህ ነው ወይ አሉኝ። አጥብቄ ነው አልኩ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። ቅዳሜ ነጋዴዎቹ መጥተው ቢጠሯቸው፣ እኔ ምን ጎደለብኝና ነው የምሄደው ብለው መለሷቸው። እስከ ፋሲካ እኛ ጋር ሰነበቱ። ወደ ኋላ ላይ ሳላቸው በቀን ሦስት፣ አራት ቢሆን ነው።

ዛሬ ቤት የሚሠራ ሁሉ ለአየር መግቢያው ምን ላድርግበት ብሎ ይጠይቀኛል። የታጠበ የበግ ፀጉር እለዋለሁ። ላላ አድርገህ ንደፈው፣ አንድ ጣት ይወፍር፣ በየሳምንቱ አውጥተህ አራግፈው። ይሄ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ በየማታው በር ላይ ቆሞ መዋሸት ነው። እኔ ዐቢይ ጾምንም ጭምር አንድ ቀን ሳላስታጉል ዋሽቻለሁ። እውነት መልካም ነገር ነው፤ አልጠላውም። ብቻ ብርድ ያስገባል።