ዶን አቡንዲዮ በርዎን ካንኳኩ

ሳይጠራ የሚመጣ ሰው ሦስት ዓይነት ነው፤ ግብር ሰብሳቢ፣ አማትና አሮጌ የገንዘብ ኖት ሰብሳቢ። የመጀመሪያው ያገኘውን ወስዶ ይሄዳል። ሁለተኛዋ አትሄድም። ሦስተኛው ግን ከሁለቱም ይብሳል፤ የሚመጣው ሊሞት የተቃረበ ሰው ወዳለበት ቤት ነው።

እንደ እውነቱ ከሆነ ነገሩ ምንም ተአምር የለበትም። አሮጌ ኖት የሚገኘው አሮጌ ሰው ዘንድ ነው፤ ከቅዱስ አንጦንዮስ ሥዕል ጀርባ፣ ፍራሽ ውስጥ፣ የሰርግ ጫማ ውስጥ። አሮጌ ሰው ደግሞ ይሞታል። ይህን በዚሁ የጋዜጣ ዓምዴ ስንቴ ጻፍኩ! የከተማችን የሼላ ሕዝብ ግን የሚያውቀውን ያውቃል፤ ኖት ሰብሳቢው ክቡር ዶን አቡንዲዮ ሬሲኖስ በርህን ካንኳኩ፣ ሣጥን ሠሪው ሳንቃ መምረጥ ይጀምራል።

ረጅምና ቀጭን ናቸው፣ እንደ ታጠፈ ጃንጥላ። ጉም ከእሳተ ገሞራው ወርዶ መንገዱን ሲሸፍነው መጀመሪያ የሚታየው ጥቁር ባርኔጣቸው ነው፤ ሰውየው ቆይተው ይደርሳሉ። በብብታቸው የብስኩት ቆርቆሮ ይይዛሉ። ውስጡ አልበም፣ ወረንጦና አጉሊ መነጽር አለ። በሩ ገርበብ ሲል አንድ እግራቸውን ያስገቡና፣ «ለማየት ብቻ ነው» ይላሉ።

አንድ ጊዜ ጫማ ሰፊዎቹ ቤት ሲመጡ ቤተሰቡ የታመሙትን አያት ጓዳ ደበቀ። «አባባ የሉም፣ ቆላ ወርደዋል» አሏቸው። ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ አባባን ሳል ያዛቸው። ዶን አቡንዲዮ ባርኔጣቸውን አነሡ፤ «እንግዲህ መንገዱን ያቅናላቸው» ብለው ወጡ። ሽማግሌው ሳምንቱን አልጨረሱም። ልጆቻቸው እስከ ዛሬ፣ «የገደላቸው ሳሉ አይደለም፣ ምርቃቱ ነው» ይላሉ።

ይሁን፣ አያትየው አርጅተው ነበር። ልብስ ሰፊው ፌርሚን ግን በሬ የሚያክል ጎረምሳ ነበር፣ ገና ያገባ። አሮጌ ኖት የለው፣ አያት የለው። ዶን አቡንዲዮ አንድ ቀን ምንም ያልሆነ ሱሪ ይዘው ሄዱና ከሰዓቱን ሙሉ ሲያጫውቱት ዋሉ። በዚያው ሳምንት ፌርሚን የስፌት መኪናው ላይ እንደ ተደፋ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስለ ተአምር አለመኖር መጻፉን ተውኩት።

እኔንም መናፈሻው ውስጥ አግኝተውኝ ያውቃሉ። «ነይ እስቲ ልጄ፣ ይህችን ሴት እያት።» አጉሊ መነጽሩን ዓይኔ ላይ ደገኑት። ኖት ላይ የተሣለች፣ ነዶ የታቀፈች፣ አንገቷን ሰበር ያደረገች ሴት ናት።

«ይህ የእኛ የድሮ ፔሶ ነው። ይህ የሆንዱራስ። ይህ የኤል ሳልቫዶር። ሦስቱም ላይ እሷው ናት። ባሕር ማዶ አንድ ሰው ብረት ላይ ቀረጻት፤ ለጠየቀው ባንክ ሁሉ ሸጧት። አገራችንን አላየቻትም። ስሟን የሚያውቅ የለም። ከሞተች መቶ ዓመት ሳያልፋት አይቀርም፤ ዛሬም ነዶዋን አላወረደችም።»

መነጽሩን ከዓይኔ አነሣሁ። ሴትየዋ ያየችኝ መስሎኝ ነበር።

ታዲያ በኅዳር፣ ጉሙ መስኮቱን በዘጋበት አንድ ከሰዓት፣ የእኛ በር ተንኳኳ።

ቤት ውስጥ እኔ፣ ባለቤቴ ሮሙሎና አክስቴ ኦርቴንሲያ ነበርን። አክስቴ ሰማንያን አልፋለች፤ ግን ደረጃ የምትወጣው ከእኔ ፈጥና ነው። በሩን ከፍቼ ባርኔጣውን ሳይ መልሼ ገርበብ አደረግኩት።

«ዶን አቡንዲዮ፣ እኛ ቤት የታመመ የለም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉና ገቡ።

ሮሙሎ የእጁን ትርታ እያዳመጠ ወደ መኝታ ቤት ሄደ። ጫማውን ሳያወልቅ ሲጋደም ሰማሁት። እሳቸው ቁጭ አሉ። ቆርቆሮውን አልከፈቱም። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥለው አክስቴን አዩ፤ ረጋ ብለው፣ ኖት እንደሚያዩት። የግድግዳው ሰዓት እንኳ ድምፁን የቀነሰ መሰለኝ።

አክስቴ አላስቻላትም። «ይናገሩ እንጂ ሰውዬ! እኔ ነኝ? እኔ ከሆንኩ ዶሮዎቼን ሳይመሽ ለጎረቤት ላድል።»

ዶን አቡንዲዮ ሳቁ። ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር። «እርስዎ አይደሉም ዶንያ ኦርቴንሲያ። እርስዎ ሁላችንንም ይቀብራሉ።» ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት። «እኔ ነኝ። ጠዋት ጢሜን ስላጭ መስተዋት ውስጥ አየሁት።»

«ምኑን?»

«ኖት ከመቀደዱ በፊት እጥፋቱ ላይ ይሳሳል። ቀለሙ እንዳለ ነው፣ ሥዕሉም እንዳለ ነው፤ ግን ብርሃን ማሳለፍ ይጀምራል። የሰውም ፊት እንደዚያው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ፊት ሲመረምር የኖረ ሰው፣ ማየት የማይፈልገውንም ያያል።»

«ፌርሚንንስ?» አልኩ።

«መንገድ ላይ አየሁት። ምን ልበለው? ትሞታለህ ልበለው? ሱሪ ይዤ ሄድኩ፤ ብቻውን አይዋል ብዬ ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ ለኖቱ ስል ነበር የምሄደው፣ አልዋሽሽም። ኋላ ግን ሰዎቹ ማውራት ይፈልጋሉ፤ ዘመድ ደግሞ ፈርቶ በር ላይ ይቆማል። አሁን የኔን በር የሚያንኳኳ የለም። ማን ይደፍራል?»

አክስቴ ተነሥታ የበቆሎ አጥሚት በትልቁ ኩባያ ቀዳችላቸው። ከዚያ ወደ መኝታ ቤቱ ጮኸች፤ «ሮሙሎ! ተነሥ፣ አንተ አይደለህም!»

ሐኪሙ ዶን አቡንዲዮን ተራ ጉንፋን ነው ብሏቸው ነበር። ቢሆንም ከሰዓት ከሰዓት ቤታቸው መሄድ ጀመርን። አክስቴና እሳቸው የአገራችን ምልክት የሆነችው የኬትሳል ወፍ በየኖቱ ላይ እንዴት እንደተሣለች ሲከራከሩ ይውላሉ።

«ይህች ወፍ ወፍራለች» ትላለች አክስቴ።

«እመቤቴ፣ ወፏ እየበረረች ነው፤ ክንፏ ተዘርግቶ ነው እንጂ!»

«ዶሮ ሳረባ የኖርኩ ሴት ነኝ። ወፍራለች።»

በየካቲት፣ የእሳተ ገሞራው አመድ በጣሪያው ላይ እንደ ዱቄት በሚነፋበት ቀን፣ ለመጨረሻ ጊዜ «አልወፈረችም» አሉ። አክስቴ «ወፍራለች!» ብላ ቀና ስትል ዶን አቡንዲዮ ሄደዋል። ለቅሶውን ሁሉ እያነባች፣ «እሺ ብዬው ቢሆን ምን ነበረበት?» ስትል ሰነበተች። አልበሙን ከዋና ከተማ የመጣ የወንድማቸው ልጅ ወሰደው።

ከተማው እፎይ አለ። አንድ ቀን ግን የሥጋ ሻጩ እናት፣ ዘጠና ዓመት የሞላቸው ዶንያ ኤዱቪሄስ፣ አልጋ ላይ ሆነው አምርረው እንደሚያማርሩ ሰማሁ። «ለሰው ሁሉ ሲሄድ የኖረ ሰውዬ እኔ ዘንድ ሳይመጣ ቀረ? ምን ቢንቀኝ ነው?»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ትኩስ ዳቦ ገዝቼ ሄድኩ። በሩን ምራታቸው ከፈተችው። ስታየኝ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ማን ነው?» አሉ አሮጊቷ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ እማማ፣ ጋዜጣ ላይ የምጽፈው።»

«ምን ትሰበስቢያለሽ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ልቀመጥ።»

«እንግዲያው ግቢ፤ ግን ስለ በሽታ እንዳታወሪኝ» አሉ። ድሮ ወዷቸው እሳቸው ግን ስላልወደዱት አንድ ከበሮ መቺ እስኪመሽ አወሩኝ። ደጋግመን ሳቅን። ምራታቸው በበሩ ስንጥቅ፣ ዓይኗን ሳትነቅል፣ እኔን ስታይ አመሸች።